እቁብ ያልሆነው ዕጣ

እናቴ የሰፈር እቁብ ጸሐፊ ናት። ሃያ አራት አባላት፣ በየሳምንቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በሰው አንድ ሺህ ብር። ባለ 50 ሉክ ደብተሯ ላይ ስሞቹ ተደርድረዋል፤ እቁብ የወጣለት ሰው ስም ጎን ቀኑና የዋሱ ፊርማ ይሰፍራል። ደብተሩን የምታስቀምጠው ቁም ሳጥን ላይ ባለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ ወረቀት አለ፤ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም የተመዘገበችበት። ባለ አንድ መኝታ።

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ቤት ሲጸዳ ቆርቆሮው ይወርዳል፣ ወረቀቱ ይታያል፣ እማዬም ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። «በዚህ ዓመትስ ይወጣ ይሆን? አንተ ኮምፒውተር ላይ አይደል የምትውለው፣ እስቲ እየው።»

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። እስካሁን የማደርገው ትከሻዬን ነቅንቄ ማለፍ ነበር። ዘንድሮ ግን፣ 2017 ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እንደ ሥራ ጥያቄ ቆጥሬ ልመልስላት ወሰንኩ። አንድ ሲስተም መቼ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ከፈለግክ እስካሁን ያደረገውን መዝገብ ታነባለህ፤ በእኛ ቋንቋ ሎግ ይባላል። እናም የሚቀጥለውን ዓመት ለመገመት ብዬ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ካሰብኩት በላይ ወደ ኋላ ሄድኩ።

መሬት ሲታደል

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ለሕዝብ ቤት የሚያድል መንግሥት አልነበረም፤ መሬት የሚያድል ግን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቻቸው ቦታ ሰጡ፤ አለቃው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ግቢውን ሠራ፣ ተከታዮቹ፣ ወታደሮቹና አገልጋዮቹ ዙሪያውን ሰፈሩ። «ሰፈር» የምንለው ቃል ራሱ ከዚህ ነው የመጣው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል የዚያን ጊዜ የእደላ ዝርዝር እያነበብን ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የከተማው ቦታ በግል ሊያዝና ሊሸጥ እንዲችል ተደረገ። ከዚያ በኋላ ከተማው ባደገ ቁጥር ቦታ ያለው አከራይ፣ የሌለው ተከራይ ሆነ። አብዛኛው ሰው የሌለው ወገን ነበር።

ፕላን አልጠፋም። ጣልያኖች ከተማዋን በያዙባቸው አምስት ዓመታት ሌ ኮርቡዚዬ ሳይቀር ንድፍ ልኮ ነበር። ሥራው የተሰጣቸው ጉዊዲና ቫሌ የነጩንና የሐበሻውን መኖሪያ የሚለይ ፕላን አወጡ፤ ገበያውን ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ የወሰዱት በዚያን ጊዜ ነው። መርካቶ ዛሬም እዚያው አለች። እ.ኤ.አ. በ1956 የለንደንን የጦርነት ማግስት ፕላን ያዘጋጁት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ ቀለበት መንገዶችንና የሳተላይት ከተሞችን የያዘ ፕላን ሠሩ። ከዚያ ፈረንሳዊው ደ ማሪያን መጡ። በደርግ ጊዜ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያና የጣልያን ባለሙያዎች በጋራ የሠሩት የ1978ቱ ፕላን፣ ቀጥሎ የ1994ቱ፣ ቀጥሎ በ2009 የጸደቀው። ወደ አስር የሚጠጉ ፕላኖች ናቸው። አንዱ ወረቀት ላይ ሳይደርቅ ከተማዋ አልፋው ትሄዳለች፣ ሌላ ባለሙያ ይጠራል።

እነዚህን ፕላኖች ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ አረንጓዴው የት እንደሚቀመጥ በዝርዝር አለ። መሬቱ የማን እንደሆነና ቤቱን ማን በምን ገንዘብ እንደሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፕላኑ ጉዳይ አልነበረም። እሱን የወሰኑት አዋጆች ናቸው።

የስምንት ብር ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አያቴ 24 ዓመቷ ነበር። ከአራት ኪሎ ጀርባ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በ16 ብር ተከራይታ ነበር የምትኖረው። እናቴ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ቀን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚያዝ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

ቀበሌ የተወለደው ከዚህ አዋጅ ነው። እስከማነበው ድረስ አላወቅኩም ነበር። መታወቂያ የሰጠን፣ ስኳርና ዘይት ያደለን፣ በደርግ ጊዜ ልጆችን ያሰረው ያ ሁሉ ተቋም መጀመሪያ የተቋቋመው በአንድ የቤት አዋጅ ውስጥ ነበር፤ ከሥራዎቹም አንዱ የቤት ኪራይ መሰብሰብ ነበር።

የአያቴ ኪራይ ከ16 ወደ 8 ብር ወረደ። «የዚያን ቀን ያልጨፈረ አልነበረም» ትላለች። ቀጥላ ግን ሁልጊዜ የቀድሞዋን ባለቤት ታነሳለች፦ ባላቸው የሞተባቸው፣ በሦስት ቤት ኪራይ ልጆች የሚያሳድጉ እትዬ። ሁለቱ ቤት ተወሰደባቸው፣ አንዷ ቀረችላቸው። እስኪሞቱ ድረስ ከአያቴ ጋር አንድ ግቢ ኖሩ፣ አንድ እድር ገቡ። «አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት ይከብደኝ ነበር።»

8 ብሩ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባም 8 ብር ነበር። ለድሃ ከዚህ የተሻለ ከለላ አላውቅም፤ እኛም የተማርነው በዚያ ነው። ግን በ8 ብር ጣራ አይቀየርም። ቀበሌው አላደሰውም፣ አያቴም የእሷ ስላልሆነ አልነካችውም። ቤት ሠርቶ ማከራየት ከሕግ ውጪ ሆኖ ስለነበር ግለሰቡም ለኪራይ የሚሆን አዲስ ቤት አልሠራም። አዋጁ ያለውን ቤት እንዴት እንደሚያካፍል በደንብ አስቦበታል። በየዓመቱ ከገጠር የሚመጣውና እዚሁ የሚወለደው ሰው ቤት ከየት እንደሚያገኝ ግን መልስ አልነበረውም። አብዮቱ ያደለው የነበረውን ነው፤ ቀጥሎ ለመጣው ትውልድ የተረፈው ደባልነትና ጎን ላይ የሚቀጠል ጓዳ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ቤት ማከራየት ተፈቀደ፣ መሬቱ ግን በ1983 መንግሥት ሲለወጥም የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ከተማ ውስጥ መሬት የሚገኝበት መንገድ ሊዝ ሆነ፤ በ1986 አዋጅ 80፣ በ1994 አዋጅ 272፣ በ2004 አዋጅ 721። ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። መሬት የሚያቀርበው አንድ አካል ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያቀርብም የሚወስነው እሱው ነው። ጨረታ ላይ ጥቂት ቦታ ሲወጣ ብዙ ሰው ይረባረባል፣ ዋጋው ይሰቀላል። እንደ እናቴ ያለ ደመወዝተኛ ጨረታውን በጋዜጣ ያነበዋል እንጂ አይገባበትም።

የ1997 ወረፋ

ኮንዶሚኒየም የመጣው እዚህ ላይ ነው። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ፣ በጀርመኑ ጂቲዜድ የቴክኒክ ድጋፍ፣ በ1996 ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ግንባታ ተሠራ። ሐሳቡ ለመሐንዲስ ደስ የሚል ነው። መሬቱ በነፃ፣ ሕንፃው አራት ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣ ብሎኬትና ተገጣጣሚ ቢም፣ የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን። ብሎኬቱን የሚያመርቱት፣ በርና መስኮቱን የሚበይዱት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች። ገዢው 20 በመቶ ይከፍላል፣ 80ውን ባንክ ያበድራል። ከሚሠሩት ቤቶች 30 በመቶው ለሴቶች ይመደባል።

በ1997 ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። እናቴ አልተመዘገበችም። «የምርጫ ዓመት ነው፣ ለፖለቲካ ነው ብዬ» ትላለች። ያን ዓመት ከተመዘገቡት ጓደኞቿ ሁለቱ ዛሬ ቤት አላቸው፤ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ማውራት አትወድም።

ዕቅዱ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 በመላ አገሪቱ 400 ሺህ ቤት መሥራት ነበር። በዚያ ዓመት ተሠርቶ የተገኘው 171 ሺህ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር እንደ ውድቀት ብቻ ማንበብ ልክ አይመስለኝም። በአፍሪካ ውስጥ በዚያን ጊዜ በመንግሥት እጅ እንዲህ ያለ ብዛት የሠራ አገር ጥቂት ነው። ጀሞ፣ ጎተራ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባሉ አዳዲስ ከተሞች ተፈጥረዋል። ስንት ሰው መጀመሪያ ጊዜ የራሱን ሽንት ቤት በር የቆለፈው እዚያ ነው። ቅድሚያ ክፍያው የከበደው ባለ ዕድል ግን ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ኪራይ ፍለጋ ሄደ። እኛ ዛሬ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የተከራየነውም ዕጣ ከወጣላቸው ሴትዮ ነው። እናቴ ወረቀቷን በቆርቆሮ ይዛ ሌላ ሰው የወጣለትን ዕጣ እየተከራየች ትኖራለች።

ሁለተኛው ምዝገባ በሰኔ 2005 ነበር። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚሉ ሦስት መደቦች፤ አሮጌና አዲስ ተመዝጋቢ ተደምሮ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ሰው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሥራ ስለነበረባት ወረፋ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ ከፊቴ ያሉ ሽማግሌ በብጣሽ ወረቀት ስም እየጻፉ። ማንም ያላዘዛቸው ዝርዝር። ሰው ሊገፋ ሲሞክር «ተራህን ጠብቅ፣ ተጽፈሃል» ይሉታል፣ ይመለሳል። ስሙ መጻፉን ያመነ ሰው ምን ያህል ታጋሽ እንደሚሆን ያኔ አየሁ።

በወር 274 ብር መቆጠብ ጀመረች። እስከ ዛሬ 12 ዓመት ነው። በ12 ወር፣ በ274 አባዙት፤ 39,456 ብር። ስትጀምር 274 ብር ወደ 15 ዶላር ነበር። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ 2 ዶላር አካባቢ ነው። ያጠራቀመችው ገንዘብ ዛሬ በሚሊዮን የሚጠራ ቤት ፊት ምን እንደሆነ ለእሷ መንገር አያስፈልግም፤ ታውቀዋለች። የምትቆጥበው ለብሩ አይደለም። ስሟ እንዳይሰረዝ ነው።

ቤቱ የሚቆምበት መሬት

ሎጉን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ሌላ ወረፋ አለ፤ ማንም ያልመዘገበው። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት ባዶ አልነበረም። በ1997፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በተመዘገበበት ዓመት፣ የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ 455 ወጣ። የእርሻ መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳ የሚያገኘው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአስር ተባዝቶ ነበር። የጤፍ ገቢ በአስር ሲባዛ የከተማ ኑሮ አይሆንም። ገበሬው ገንዘቡን ተቀብሎ ሕንፃ ሲቆም ያያል፤ አንዳንዱም እዚያው ሕንፃ ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ።

አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ይፋ ሲሆን ቁጣው ፈነዳ። በ2008 እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን አጡ። በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው ደግሞ ኮዬ ፈጬ ላይ ያሉት ቤቶች የማን ናቸው የሚል ተቃውሞ ተነሳ። አንድ ወገን ዓመታት ቆጥቤ ዕጣ ወጣልኝ ይላል፤ ሌላው የአባቴ ማሳ ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስህተቱ የተሠራው ሁለቱ ከመገናኘታቸው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ፕላኑ ካርታ ላይ ሲሰመር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የካሳ አዋጅ 1161 ማባዣውን ወደ 15 ከፍ አደረገው። ማሻሻያው ጥሩ ነው። የመጣው ግን መንገድ ከተዘጋና ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2014

የዚያን ቀን ከእናቴ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ነበርን። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ሊወጣባቸው ነው። ስክሪኑ ላይ ስሞች ይሽከረከራሉ። እናቴ ጸሎት ላይ ናት፤ እኔ ደግሞ ሳላስበው እንደ ሥራ እያየሁት ነው፦ ይህን ኮድ ማን አየው? ዝርዝሩን ማን ቆለፈው?

በቀናት ውስጥ ዕጣው ተሰረዘ። የከተማው አስተዳደር እንዳስታወቀው ባንኩ ብቁ ናቸው ብሎ የላከው ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ቆጣቢዎችን ሲሆን፣ ዕጣ ውስጥ የገባው ዳታ ግን ከ170 ሺህ በላይ ሰው ነበረበት። ያልቆጠበ ሰው ገብቷል። ኃላፊዎችና የአይቲ ባለሙያዎች ታሰሩ። በኅዳር 2015 ዕጣው እንደገና ወጣ። እናቴ በሁለቱም አልነበረችበትም።

ብዙ ሰው ያን ሳምንት ስለ ሃከርና ስለ ሶፍትዌር ያወራ ነበር። ቢሮ ውስጥ እኛም ስንከራከር ዋልን። የዕጣ ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ነው፤ አንድ ከሰዓት የሚበቃ ሥራ ነው። ከባዱ ዝርዝሩ ነው። ከዕጣው ቀን በፊት የብቁዎችን ዝርዝር በምዝገባ ቁጥር ለሕዝብ ታወጣለህ፤ የዝርዝሩን አሻራ፣ ማለትም አንድ ፊደል ቢቀየር የሚለወጠውን ሃሽ፣ ጋዜጣ ላይ ታትማለህ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ሹልክ ብሎ አይገባም። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። እናቴ ይህን ስነግራት አልተደነቀችም። «እቁብ ላይ እኮ ብጣሹን የምንጠቀልለው ሁሉም እያየ ነው» አለችኝ።

2018 ምን ይዞ ይመጣል?

እሺ፣ ወደ ጥያቄዋ ልመለስ።

ሎጉ የሚለው እንዲህ ነው። በወረፋ ሒሳብ ውስጥ ሊትል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ቀመር አለ፦ የምትጠብቀው ጊዜ፣ የወረፋው ርዝመት በአገልግሎቱ ፍጥነት ሲካፈል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሃያ ዓመት ገደማ 300 ሺህ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ በዓመት 15 ሺህ ማለት ነው። ወረፋው ላይ 600 ሺህ ሰው ቀርቷል እንበል፣ አዲስም አይመዝገብ። 40 ዓመት ይወጣል። እናቴ 56 ዓመቷ ነው።

ፍጥነቱ ግን በነበረበት አይቀጥልም፤ ምክንያቱም አሠራሩ እየተለወጠ ነው። ያለፉት ጥቂት ዓመታት የመንግሥት ንግግር ራሱ ገንብቶ ከማደል ወደ ግል አልሚዎች፣ ወደ ማኅበራትና ወደ አጋርነት ዞሯል። በ2017 የሪል እስቴት ልማትን የሚገዛ አዋጅ ጸድቋል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲልም የውጭ ዜጎች ከ150 ሺህ ዶላር በማያንስ ገንዘብ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል። ግንባታው ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ክሬን እያየን ነው። ጥያቄው የሚሠራው ቤት የወረፋውን ርዝመት ይቀንሳል ወይስ ከወረፋው ጎን የሚያልፍ ሌላ መስመር ነው የሚለው ነው። በወር 274 ብር የሚቆጥብ ሰው ከ150 ሺህ ዶላር ገዢ ጋር አንድ ጨረታ ላይ አይቆምም፤ አንድ ሲሚንቶና አንድ ብረት ግን ይሻማል።

ሁለተኛው የኪራይ አዋጅ 1320/2016 ነው። በእኔ እምነት ከ1967ቱ ወዲህ ተከራይን በቀጥታ የነካ ትልቁ ሕግ እሱ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ምጣኔ ብቻ። በ2016 ክረምት ውል ያስመዘገቡ ብዙ ሰዎች ሁለት ዓመታቸው የሚሞላው በ2018 ክረምት ነው። የእኛም ሐምሌ ላይ ያልቃል። ያኔ ነው ሕጉ ጥርስ እንዳለውና እንደሌለው የሚታየው፦ አከራዩ በአዲስ ውል፣ ከመዝገብ ውጪ ተጨማሪ ይጠይቃል? ተከራዩስ ለመክሰስ ይደፍራል? የስምንት ብሩን ቤት ታሪክ ያነበበ ሰው ሌላም ይጠይቃል፤ ኪራይን መያዝ ብቻውን፣ ለኪራይ የሚሆን አዲስ ቤት ካልተሠራ፣ ዛሬ ቤት ውስጥ ያለውን ይጠብቃል፤ ነገ የሚመጣውን በር ላይ ያስቀረዋል። ይህን አንዴ ኖረነዋል።

ሦስተኛው የኮሪደር ልማት ነው። አያቴ በ2016 ከሰፈሯ ተነሳች። የቀበሌ ቤት ተከራይ ስለነበረች ምትክ ተሰጣት፤ ከተማው ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። በቤተሰባችን ኮንዶሚኒየም የደረሳት እሷ ብቻ ናት፤ አንድ ብር ያልቆጠበችው። ቧንቧው ይሠራል፣ ጣራው አያፈስም። እድሩ ግን ተበተነ፤ ጉልበቷ ደረጃውን ስለማይችል አብዛኛውን ቀን በረንዳ ላይ ናት። እናቴ ስለዚህ ቤት ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። በእናቷ ልትቀና አትችልም። ግን ለተነሺ የሚሰጥ እያንዳንዱ ቤት ከአንድ ቦታ የመጣ ቤት እንደሆነ ታውቃለች፤ የወረፋው ሰው ግን መቼ ስንት ቤት ወደዚያ እንደሄደ አይነገረውም።

ሌላም አለ፤ 2018 የምርጫ ዓመት ነው። እንደ 1997። ቁጥር የሚበዛበት ዓመት ይሆናል፦ ይህን ያህል ሺህ ቤት ተጀመረ፣ ይህን ያህል ሄክታር ተዘጋጀ። እናንተም ወረቀት ያላችሁ፣ ወይም ወረቀት ያላት እናት ያላችሁ፣ ቁጥር ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። ባለፈው ዓመት ተጠናቆ ቁልፍ የተሰጠው ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ለወረፋው የደረሰው ስንት ነው? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በየዓመቱ ቢወጡ እናቴ በራሷ እርሳስ ታካፍለዋለች። መልሱ 40 ዓመት ከሆነም ይነገራት፤ 274 ብሯን አንስታ ሌላ ነገር ታደርጋለች። ሴት ልጅ ለትዳር እንደሚያጓትት ሰው ይዟት የሚኖር ዝርዝር ግን ነፍስ ያደክማል።

ጳጉሜን 2 ማታ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ቡና እያፈላች ሰማችኝ። ሲያልቅ ቆርቆሮውን ከፈተችና የእቁቡን ደብተር አወጣች። ዘንድሮ የቀሩት ሰባት ሰዎች ናቸው። የመጨረሻውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፤ ስም የለበትም፣ ቀኑ ግን ተጽፏል፤ ጥቅምት ውስጥ ያለ እሁድ።

«ይኼ የማን እንደሚሆን አላውቅም» አለችኝ። «ግን ማንም ይሁን፣ የዚያን ቀን ይበላል። ዕጣ የምንጥለው ማን እንደሚቀድም ለማወቅ እኮ ነው። የማይደርሰው ሰው ካለማ ማን እቁብ ይገባል?»

«ታዲያ ለምን ትቆጥቢያለሽ?» አልኳት።

ስኒውን ሰጠችኝ። «አንተ ደግሞ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ዝናብ ላይ ቆመህ ያስጻፍከው ስም አይደል እንዴ?»

ጳጉሜን 4 ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ባንክ ሄዳ የወሩን 274 ብር አስገባች። ደረሰኙ ቆርቆሮው ውስጥ ነው።